ማን ማንን እየጠበቀ ነው?

አጎቴ ላፕቶፓቸውን የሚያበሩት ቡና ሊቆላ ሲል ነው። ማብሪያውን ተጭነው ክዳኑን እንደከፈቱ ይተዉታል። ቡናው ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ ጀበናው ተጥዶ አቦሉ ሲቀዳ ማሽኑም የይለፍ ቃል ለመጠየቅ ይደርሳል። ብራውዘሩን ከነኩት ደግሞ እስከ ቶና ነው። ቤተሰቡ ስለለመደው ማንም አይስቅም።

ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው። ላፕቶፑን ልጃቸው ከአሜሪካ ስትመጣ ነው ይዛላቸው የመጣችው፤ ያኔም ያገለገለ ነበር። የ2012 ምርት ነው። በዚህ ምዕራፍ ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ውሰዱልኝ። ኮር አይ 5፣ ሦስተኛ ጄኔሬሽን፣ 4 ጊጋ ራም፣ 500 ጊጋ ሀርድ ዲስክ፣ የተጫነበት ዊንዶውስ 10። አንድ ቅዳሜ ጠሩኝና ስክሪኑን አሳዩኝ። ይህ ኮምፒውተር ዊንዶውስ 11 የሚጠይቀውን አያሟላም ይላል።

«እሱንም ጡረታ አስወጡት» አሉ። «አዲሱ ስንት ይገኛል?»

«ቆይ ጋሼ፣ መጀመሪያ የቱ ጋ እንዳመመው እንይ።»

ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫንኩ። ታስክ ማናጀር የሚባለው መስኮት ይከፈታል፤ እሱም እስኪመጣ ስኒዬን ጨረስኩ። ከላይ የተደረደሩት ቁጥሮች እንዲህ ይላሉ፦ ፕሮሰሰር 6 በመቶ፣ ራም 81 በመቶ፣ ዲስክ 100 በመቶ። ዲስኩ እዚያው 100 ላይ ተተክሎ ቀረ። አምስት ደቂቃ ቆጠርኩለት፤ ንቅንቅ አላለም።

እነዚህን ሦስት ቁጥሮች አንብቦ የሚረዳ ሰው ስለ አሮጌ ላፕቶፕ ከብዙ ሻጭ የተሻለ ያውቃል።

መዝገብ ቤቱ

ኮምፒውተሩን እንደ አንድ መሥሪያ ቤት እንየው። ፕሮሰሰሩ የሚወስነውና የሚፈርመው ኃላፊ ነው። ራሙ የኃላፊው ጠረጴዛ ነው፤ እጁ የሚደርሰው እዚያ ላይ ወደተዘረጋው ወረቀት ብቻ ነው። ዲስኩ መዝገብ ቤቱ ነው። ፋይል ሲፈለግ አንድ ሠራተኛ ኮሪደሩን አቋርጦ ይሄዳል፣ መደርደሪያ ለመደርደሪያ ይፈልጋል፣ አቧራውን አራግፎ ያመጣል። ኃላፊው የፈለገውን ያህል ፈጣን ቢሆን ፋይሉ ካልመጣለት ምን ይፈርማል? የአጎቴ ፕሮሰሰር 6 በመቶ ብቻ የሚሠራው እጁን አጣጥፎ መዝገብ ቤቱን እየጠበቀ ስለሆነ ነው። ወረፋ ላይ ያለን ሰው ቀርፋፋ ብሎ መስደብ ግፍ ነው፤ ማሽንም ቢሆን።

ታዲያ መዝገብ ቤቱ ምን ነካው? ሀርድ ዲስክ ውስጥ እንደ መስታወት የሚያብለጨልጭ ሳህን ይዞራል። ከላዩ ደግሞ እንደ ሸክላ ማጫወቻ መርፌ ወዲያና ወዲህ የሚል ቀጭን ክንድ አለ። በላፕቶፖች ዘንድ የተለመደው ሳህን በደቂቃ 5,400 ጊዜ ይዞራል። በሰከንድ 90 ዙር ማለት ነው፤ አንዱ ዙር 11 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ይፈጃል። ክንዱ የሚፈለገው መስመር ላይ እስኪደርስ በአማካይ 12 ሚሊ ሰከንድ ያህል ይሄዳል። ከደረሰ በኋላም የተፈለገው ቦታ ዞሮ ከሥሩ እስኪመጣለት መጠበቅ አለበት፤ ይህ በአማካይ ግማሽ ዙር ስለሆነ አምስት ሚሊ ሰከንድ ተኩል ይጨምራል። አንዱ ምልልስ 17 ወይም 18 ሚሊ ሰከንድ ወሰደ ማለት ነው። ሲሰሙት ትንሽ ነው። ወደ ሰከንድ ሲመነዘር ግን በሰከንድ 57 ምልልስ ብቻ ሆነ።

ዊንዶውስ ሲነሳ ደግሞ እዚህም እዚያም የተበተኑ ትንንሽ ቁርጥራጮችን እየጠራ ነው። 20,000 ናቸው እንበል። ለ57 ብታካፍሉት 350 ሰከንድ፣ ስድስት ደቂቃ ሊሞላ ጥቂት የቀረው። ቡናው የሚወቀጥበት ሰዓት እዚህ ውስጥ ነው ያለው።

በሀርድ ዲስክ ፋንታ የሚገባው ኤስኤስዲ የሚዞርም የሚወዛወዝም ነገር የለውም። አንዱን ቁርጥራጭ ለማምጣት የአንድ ሚሊ ሰከንድ አንድ አሥረኛ ያህል ይበቃዋል፤ ያንኑ 20,000 ምልልስ በሁለት ሰከንድ ይጨርሰዋል። እዚህ ላይ ካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው «በሰከንድ 550 ሜጋባይት» ብዙ ሰው ያሳስታል። አንድ ትልቅ ፊልም በአንድ ትንፋሽ ሲገለበጥ ሀርድ ዲስክም ወደ 100 ሜጋባይት ይጠጋልና ልዩነቱ አምስት እጥፍ ገደማ ነው። ከመቶ እጥፍ በላይ የሚሆነው በጥቃቅኑ ምልልስ ላይ ነው። ኦፐሬቲንግ ሲስተም ቀኑን ሙሉ የሚውለውም ጥቃቅኑ ላይ ነው።

«ሲመጣ እኮ ፈጣን ነበር» ይላሉ አጎቴ። እውነታቸውን ነው፤ ግን ሳህኑ ዛሬም በሰከንድ 90 ጊዜ ይዞራል። የተለወጠው የባለጉዳዩ ብዛት ነው። አፕዴቱ ከበስተጀርባ ይወርዳል፣ አንቲቫይረሱ ፋይል ለፋይል ይፈትሻል፣ ፍለጋን የሚያፈጥነው አገልግሎት የሁሉንም ሰነድ ማውጫ ያዘጋጃል። እያንዳንዳቸው ትንሽ ናቸው፣ ሁሉም ግን የተሰለፉት አንዱ ክንድ ፊት ነው። እንደኔ ግምት እነዚህን ፕሮግራሞች የሚጽፉት ሰዎች ጠረጴዛ ላይ ሀርድ ዲስክ ያለው ኮምፒውተር ከጠፋ ቆይቷል፤ ወረፋውን አያዩትም።

ወረቀት ላይ የተጻፈውን ብቻ ካየን የተለወጠ ነገር ያለ አይመስልም። በ2009 የወጣው ባለ 64 ቢት ዊንዶውስ 7 ቢያንስ 2 ጊጋ ራም ይጠይቅ ነበር፤ በ2015 የወጣው ዊንዶውስ 10ም ያንኑ 2 ጊጋ። የከበደው ላዩ ላይ የሚከፈተው ነው፣ በተለይም ብራውዘሩ። ክሮም በ2008 ሲወጣ ትልቁ አዲስ ነገሩ ታቦቹን በተለያዩ ፕሮሰሶች ማስኬዱ ነበር፤ አንዱ ገጽ ቢታመም ሌላውን ይዞ እንዳይሞት። ደህንነቱ ጥሩ ነው፣ ዋጋው ራም ነው። አጎቴ ዜና ሲያነቡ አሥራ አምስት ታብ ይከፍታሉ፣ አንዱንም አይዘጉም፤ «እመለስበታለሁ» ይላሉ።

ጠረጴዛው ሲሞላ ደግሞ ክፉው ነገር ይመጣል። ኃላፊው ለአዲሱ ፋይል ቦታ ለማግኘት ከጠረጴዛው አንዱን አንስቶ ወደ መዝገብ ቤት ይልካል። ከደቂቃ በኋላ የላከውን ራሱን መልሶ ያስፈልገዋል፤ ሌላ ይልክና እሱን ያስመጣል። ራሙ 81 በመቶ ሞልቶ ዲስኩ 100 ሲል አብዛኛው ጉዞ እንዲህ ያለ ምልልስ ሊሆን ይችላል። የራም እጥረት የዲስክ ወረፋ መስሎ ይታያል።

አንዳንዴ በእርግጥ ማሽኑ ራሱ እንዲዘገይ ይደረጋል። በጃንዋሪ 2018 ሜልትዳውንና ስፔክተር የተባሉ የፕሮሰሰር ጉድለቶች ይፋ ሆኑ። ፕሮሰሰሮቹ ገና ያልታዘዙትን ሥራ ቀድመው እየገመቱ መሥራታቸው የፍጥነታቸው ምሥጢር ነበር፤ ያው ግምት ምሥጢር ማፍሰሻ ሆኖ ተገኘ። ቀዳዳውን የሚደፍነው አፕዴት ከዚያ ፍጥነት ቆረሰ። ማይክሮሶፍት ራሱ በ2015 ገደማ የነበሩትና ከዚያ የቆዩ ኮምፒውተሮች ላይ አንዳንድ ሰዎች መዘግየቱን እንደሚያስተውሉት ተናግሯል።

ፓስካል የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ የፈጠረው የስዊዘርላንዱ ኒክላውስ ቪርት በ1995 ባሳተመው ጽሑፍ ሶፍትዌር የሚከብድበት ፍጥነት ሃርድዌር ከሚፈጥንበት ይበልጣል ብሎ አማርሯል። ነገሩ «የቪርት ሕግ» ተብሎ በስሙ ቀረ፣ እሱ ግን ሐሳቡ የማርቲን ራይዘር ነው ብሎ ነበር።

ካቻቢቴ

አንድ ኤስኤስዲ እና አንድ 4 ጊጋ ራም ገዝቼ በሳምንቱ ተመለስኩ። ባትሪውን አወጣሁ፣ የጀርባውን ብሎኖች ፈታሁ። የዚያ ዘመን ላፕቶፖች ለዚህ ነገር ደግ ናቸው፤ ክዳኑ ሲነሳ ዲስኩም ራሙም ፊት ለፊት ይታያሉ። ዛሬ የሚሸጡት ቀጫጭኖቹ ብዙዎቹ ራማቸው ቦርዱ ላይ ስለተበየደ ከፋብሪካ ይዘውት በመጡት ነው የሚኖሩት። ስላይትሊ ዩዝድ ላፕቶፕ ለመግዛት ስትሄዱ «ስንተኛ ጄኔሬሽን ነው?» ብላችሁ ብቻ አትመለሱ፤ ራም ይጨመርበት እንደሆነም ጠይቁ።

ራም ስትገዙ አሮጌውን አውጥታችሁ ይዛችሁት ብትሄዱ ይሻላል። ዲዲአር 3 ሲባል ሁለት ዓይነት አለና፤ በ1.5 ቮልት የሚሠራና በ1.35 ቮልት የሚሠራ። ከ2013 ወዲህ የመጡት የዲዲአር 3 ላፕቶፖች ብዙዎቹ ሁለተኛውን ነው የሚቀበሉት፤ የመጀመሪያውን ብትሰኩበት ጭራሽ ላይነሳ ይችላል።

እግረ መንገዴን ፋኑን ጠረግኩ። ከውስጡ የወጣው አቧራ ትንሽ ትራስ ይሞላል። ፕሮሰሰር ሲግል ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ስለሚቀንስ ይህም ከነገሩ ውጪ አይደለም።

አሮጌውን ሀርድ ዲስክ አልጣልኩትም። በኬብል የሚሰካ ኬዝ ውስጥ ከትቼ አስቀመጥኩት። ምን ጠብቄ እንደሆነ እንጃ፣ ግን ሰው የጻፈው ነገር ያለበትን ዲስክ ፎርማት ለማድረግ መቸኮል አልወድም። እዚህ ከተማ «ፎርማት አድርግልኝ» ማለት የመድኃኒቶች ሁሉ መድኃኒት ሆኗል፤ ስንት የሠርግ ፎቶ በዚያ ቃል እንደሄደ የሚያውቅ ያውቀዋል።

አይችልም ወይስ አይፈቀድለትም?

አሁን ወደዚያ መልእክት እንመለስ። «አያሟላም» የሚለው ቃል ውስጥ ሁለት ነገር ተሸፋፍኖ አለ፤ አለመቻልና አለመፈቀድ።

ዊንዶውስ 11 በኦክቶበር 2021 ሲወጣ ቢያንስ 4 ጊጋ ራም፣ 64 ጊጋ ዲስክ፣ ሁለት ኮር ያለው ባለ 1 ጊጋኸርትዝ ፕሮሰሰር ጠየቀ። የአጎቴ ላፕቶፕ እነዚህን ያልፋል። የወደቀው በዋናነት በሌሎች ሁለት ነው። አንደኛው ቲፒኤም 2.0 ነው፤ የምሥጢር ቁልፎችን ከዲስኩ ለይቶ የሚይዝ እንደ ካዝና ያለ አካል። የ2012 ማሽን ቢኖረው እንኳ የሚኖረው አሮጌው 1.2 ነው። ሁለተኛው የስም ዝርዝር ነው፤ ከኢንቴል በኩል ከጥቂቶች በስተቀር ከስምንተኛ ጄኔሬሽን በታች ያለ ስሙ አልተጻፈም።

ዝርዝሩ ያለ ምክንያት አልወጣም። ዊንዶውስ 11 የሲስተሙን እምብርት ከተቀረው በምናባዊ ግድግዳ ለይቶ የሚጠብቅበት ዘዴ አለው። ከሰባተኛ ጄኔሬሽን ወዲህ ያሉት የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ይህን ጥበቃ የሚያቀልል ነገር በውስጣቸው አላቸው። የቀደሙት በሶፍትዌር ስለሚያስመስሉት ዋጋውን በፍጥነት ይከፍላሉ። ይህ አሳማኝ ነው። የማያሳምነው መስመሩ በስምንተኛው ላይ መሰመሩ ነው። ሰባተኛ ጄኔሬሽን በጅምላ ሲከለከል 7820ኤችኪው የተባለው ግን ተፈቀደለት፤ ማይክሮሶፍት ራሱ በሚሸጠው ሰርፌስ ስቱዲዮ 2 ውስጥ ያለው እሱ ነበር። ዳኛው የራሱን ልጅ ሲያሳልፍ ያየ ሰው ስለ ሕጉ ሁለቴ ቢያስብ አይፈረድበትም።

አለመቻል ሌላ ነው። በ2024 የወጣው 24ኤች2 የተባለው የዊንዶውስ 11 እትም ፕሮሰሰሩ ፖፕካውንት የምትባል አንዲት ትእዛዝ እንዲያውቅ ይፈልጋል። እንደ ኮር 2 ዱኦ ያሉት የ2006 እና የ2007 ፕሮሰሰሮች አያውቋትም፤ ስለዚህ ማሽኑ አይነሳም። ይለምኑት፣ ይሸውዱት፣ አይነሳም። የአጎቴ ሦስተኛ ጄኔሬሽን ግን ትእዛዟን ያውቃታል። ለእሱ በሩ የተቆለፈ እንጂ በግንብ የተዘጋ አይደለም።

የተቆለፈ በር ደግሞ ይከፈታል። ሩፈስ የተባለው ነፃ ፕሮግራም የዊንዶውስ መጫኛ ፍላሽ ሲያዘጋጅ የቲፒኤሙን ጥያቄ አውጥቶ እንዲጥል ሊታዘዝ ይችላል። በራሴ አሮጌ ማሽን ላይ አድርጌው አውቃለሁ፤ ይሠራል። ነገር ግን ማይክሮሶፍት እንዲህ ለተጫነ ማሽን የአፕዴት ዋስትና አልሰጥም ብሏል፣ በየዓመቱ የሚወጣው ትልቁ እትምም በራሱ አይመጣም፤ ፍላሹን ይዞ እንደገና መድከም ነው። ለራሴ አደርገዋለሁ፤ ሽማግሌ ቤት ትቼው ለምሄደው ማሽን ግን አልመርጠውም።

«እንዳለ ቢቀመጥስ?» አሉ አጎቴ። ዊንዶውስ 10 በኦክቶበር 14 ቀን 2025 የነፃ ጥገናው ሲያበቃ በማግስቱ መሥራት አላቆመም። ለግለሰቦችም የደህንነት ጥገናው እስከ ኦክቶበር 2026 የሚቀጥልበት መንገድ ተበጅቶ ነበር፤ ወይ 30 ዶላር ተከፍሎ፣ ወይ የማሽኑን ሴቲንግ ከማይክሮሶፍት አካውንት ጋር አገናኝቶ። ሰፈር ውስጥ በክራክ የተጫነው የት እንደሚወድቅ አንባቢ ይገምተው።

ጥገና የሌለው ሲስተም አደጋው ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው። በሜይ 2017 ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ በ150 አገሮች ከ200,000 በላይ ኮምፒውተሮችን ቆልፎ ቤዛ ሲጠይቅ መድኃኒቱ ከሁለት ወር በፊት ወጥቶ ነበር። የተመቱት ያልዋጡት ናቸው። ከዚያ ደግሞ ጸጥ ያለው ሞት አለ፤ ብራውዘሩ ይተወዋል። ክሮም በ2023 መጀመሪያ ላይ ዊንዶውስ 7ን ሲሰናበት የመጨረሻው እትም ቁጥር 109 ነበር። ማሽኑ ይበራል፣ ይጽፋል፣ ያትማል፤ ድረ ገጾቹ ግን አንድ በአንድ ፊታቸውን ያዞሩበታል።

ሦስተኛው መንገድ

«ጋሼ፣ በዚህ ማሽን ምን ምን ይሠራሉ?» አልኳቸው። ሐኪም መጀመሪያ የሚጠይቀውን ነው የጠየቅኩት።

ዜና ያነባሉ። በቴሌግራም ይጻጻፋሉ። እሑድ እሑድ ከልጃቸው ጋር በቪዲዮ ያወራሉ። ይጽፋሉ፤ ስላስተማሩባቸው ከተሞች ትዝታ የሚመስል ነገር ከጀመሩ ዓመታት ሆኗቸዋል። በቃ። ለዚህ ዊንዶውስን ትቶ ሊኑክስ የተባለውን ኦፐሬቲንግ ሲስተም መጫን ይበቃል። የሂሳብ ባለሙያ ቢሆኑና ፒችትሪ ካልከፈትኩ ቢሉ ኖሮ ወሬው እዚህ ጋ ያበቃ ነበር፤ ፒችትሪ የዊንዶውስ ሰው ነው። አውቶካድም እንዲሁ ሊኑክስ ላይ አይሠራም።

ሊኑክስን ሊኑስ ቶርቫልድስ በ1991 የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሆኖ ሲጽፈው የተወለደው ኢንቴል 386 ላይ ነው። አሮጌ ማሽን አይጥልም የሚል ስም ቢወጣለትም እሱም መስመር አለው። በ2012 መጨረሻ ላይ የተወለደበትን 386ን ራሱን ከኮዱ አስወጥቶታል። ባለ 32 ቢት ማሽኖችም ከዋና ዋናዎቹ እትሞች አንድ በአንድ እየወጡ ነው። የሊኑክስ ልዩነቱ መስመሩ የሚሰመረው በአብዛኛው ማሽኑ ሲያቅተው ወይም ኮዱን የሚጠብቅለት ሰው ሲጠፋ መሆኑ ነው።

የመረጥኩት ሊኑክስ ሚንት 22ን ነው፣ ኤክስኤፍሲኢ ከሚባለው ቀለል ካለ ገጽታው ጋር። በ2024 የወጣ ነው፣ ጥገናው እስከ 2029 ይቀጥላል። ቢያንስ 2 ጊጋ ራም ይጠይቃል፣ 4 ቢሆን ይመረጣል ይላል፤ እኛ 8 አድርገነዋል። የሚወርደው ፋይል ወደ 3 ጊጋ ስለሚጠጋ በሞባይል ፓኬጅ አትጀምሩት፤ ዋይፋይ ያለው ጎረቤት ይሻላል።

ከሁሉ የምወድለት ነገር ከፍላሹ ላይ ሳይጫን መነሳቱ ነው። ዲስኩን ሳይነካ ሙሉ ሲስተሙ ይከፈታል። ዋይፋዩ ይይዛል? ድምፁ ይሰማል? ካሜራው ይበራል? በአሮጌ ላፕቶፕ ላይ የሚያስቸግረው ብዙ ጊዜ ዋይፋዩ ነው፤ ብሮድኮም የሚባሉት ካርዶች የራሳቸውን ድራይቨር ለብቻው ይፈልጋሉ። የአጎቴ ኢንቴል ስለነበር ወዲያው ያዘ። ሰው ልብሱን ለክቶ እንደሚገዛው ነው። ካልሆነ ፍላሹን ነቅሎ መሄድ።

ለክተን ወደድነውና «ጫን» የሚለውን ተጫንኩ። ግማሽ ላይ ሲደርስ መብራት ሄደ።

ስህተቱ የኔ ነው። ባትሪው እንደማይዝ አውቅ ነበር፤ ሶኬቱ ሲነቀል ሁለት ደቂቃ አይቆይም። ስክሪኑ ጠፋ፣ ቤቱም ጨለመ፣ አጎቴ ሻማ ፍለጋ ተነሱ። ኤስኤስዲው ባዶ ስለነበር የጠፋ ነገር የለም፤ መብራት ሲመጣ ከሀ ጀመርኩ። የፋይሎቻቸው ብቸኛ ቅጂ በዚያ ዲስክ ላይ ቢሆን ኖሮ ግን ያን ሻማ በሌላ ስሜት ነበር የማየው። ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ላይ ሲስተም የሚጭን ሰው ዩፒኤስ ይዋስ።

ሁለተኛው ሙከራ ሃያ ደቂቃ አልፈጀም። ሲያልቅ ብራውዘሩን ከፈትኩ። የትኛውም ገጽ አልገባም አለ፤ ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም የሚል ቀይ ማስጠንቀቂያ። ሰዓቱን አየሁ፤ ጃንዋሪ 1 ቀን 2012።

ቦርዱ ላይ የሳንቲም መልክ ያላት ትንሽ ባትሪ አለች፤ ማሽኑ ሲጠፋ ሰዓት የምትቆጥረው እሷ ናት። ሞታ ኖሯል፤ ትልቁን ባትሪ ሳወጣ ቀኑም አብሮ ወጣ። ድረ ገጾች ማንነታቸውን የሚያስመሰክሩበት የምስክር ወረቀት ደግሞ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን የሚል ገደብ አለው። ለዚህ ላፕቶፕ ዛሬ 2012 ነውና የሁሉም ወረቀት ገና አልተወለደም።

«የኛን አቆጣጠር ይዞ እንዳይሆን» አሉ አጎቴ።

«ከኛም ወደ ኋላ ቀርቷል ጋሼ።»

ቀኑን አስተካከልኩ፣ ገጾቹ ተከፈቱ፣ በማግስቱ አዲስ የሳንቲም ባትሪ ገባለት። ማሽኑን ዘግቼ አበራሁት። የይለፍ ቃሉን ሲጠይቅ አጎቴ ገና ወንበራቸውን እያስተካከሉ ነበር። ታስክ ማናጀርን የሚመስለውን የሚንቱን መስኮት ከፍቼ አሳየኋቸው፤ አሥራ አምስቱ ታብ ተከፍቶ ራሙ ግማሽ አልሞላም፣ ዲስኩ እንዳልተነካ ያህል ነው። ከለወጥናቸው ነገሮች ሁሉ ለዚህ ትልቁን ድርሻ የያዘው ኤስኤስዲው እንደሆነ ልደብቅ አልፈልግም። ዊንዶውስ 10 እንዳለ ብንተወውም በብዙ ይፈጥን ነበር። ሚንት የሰጣቸው እስከ 2029 ያለውን ጊዜ ነው።

«ጽሑፌስ?» አሉ።

የድሮውን ዲስክ ከነኬዙ ሰካሁት። ያች የለመድናት እርርር የምትል ድምፅ ተሰማች። «ትዝታ» የሚለውን ፎልደር ከፍቼ የመጀመሪያውን ፋይል ስነካ ገጹ ሙሉ የእንግሊዝኛ ፊደልና የነጥብ፣ የቅንፍ፣ የዶላር ምልክት ዝብርቅርቅ ሆኖ ወጣ። አጎቴ ምንም አላሉም። ዝም ማለታቸው ከቁጣ ይከብዳል።

ነገሩ ቫይረስም ብልሽትም አይደለም። የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ የራሱን ቦታ ያገኘው በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ ልማዱ ስላልለቀቀን ከዚያም በኋላ ለዓመታት፣ አማርኛ ይጻፍ የነበረው በብልሃት ነው፤ ፎንት ሠሪዎቹ የላቲኑን ፊደል ቦታ ወስደው ቅርጹን በኛ ይተኩት ነበር። ኮምፒውተሩ የእንግሊዝኛ ፊደል እንደጻፈ ያውቃል፣ ዓይናችን ግን «ሀ»ን ያያል። በዚያ አሠራር ያለው ቦታ 256 ብቻ ነው፣ የተወሰነውም ለሌላ ተይዟል። የኛ 33 ፊደል በሰባት ሲባዛ 231 ነው፤ እነ ቋና ጓ፣ ቁጥሩና ሥርዓተ ነጥቡ ሲጨመሩ ስለማይበቃ አንዳንዶቹ ፊደሉን በሁለትና በሦስት ፎንት ከፋፍለውታል። ፎንቱ ያለበት ማሽን ላይ ሁሉም ደህና ነው። ፎንቱ ከሌለ ጭምብሉ ይወልቃል።

ዊንዶውሱ የነበረበትን ፎልደር በዚያው በሚያጉረመርመው ዲስክ ላይ ፈለግኩት። ፎንቶቹ እዚያው ተቀምጠዋል፣ ሦስቱም። ቀድቼ ወደ ሚንት አስገባኋቸው፣ የጽሑፍ ፕሮግራሙን ዘግቼ እንደገና ከፈትኩት። የዶላር ምልክቱ፣ ቅንፉ፣ ነጥቡ ሁሉ ተነስቶ ፊደል ሆነ። ወደ ዩኒኮድ መለወጡ ሌላ ቀን የሚሠራ ሥራ ነው፤ ፎልደሩ ውስጥ ስልሳ ምናምን ፋይል አለ።

አጎቴ መነጽራቸውን አድርገው ወደ ስክሪኑ ተጠጉ። የመጀመሪያውን አንቀጽ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ አነበቡ፣ ሁለተኛውንም። ከዚያ ጣታቸውን አንዲት ቃል ላይ አሳረፉ።

«ይቺ ‹አ› በዓይኑ ነው መሆን ያለባት» አሉ። «እንዴት አድርጌ ነው የማርማት በዚህኛው?»